ከካሪ አፍ የወጣ ጉርሻ

የጎረቤትሽ ላም የማድቤትሽን ጣሪያ ብትበላ፣ አንቺ ደግሞ እጅሽን አፏ ውስጥ ከትተሽ ያኘከችውን ብታወጪ፣ ሌባዋ ማን ናት? ናቻማል ከጠዋት ጀምሮ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ መልስ አላገኘችለትም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ ብዙ ሰምታለች፤ የድንበር፣ የውኃ ተራ፣ ኮብልላ የሄደች ምራት። ስለ ላም ጉሮሮ ግን ማንም ሲካሰስ ሰምታ አታውቅም።

ጥያቄው ለጨዋታ የመጣ አልነበረም። ግራጫዋ ላሟ ማይላይ በረት ውስጥ በደረቷ ተኝታ፣ ዓይኗን በከፊል ከድና፣ ዝንብ እንኳ አላባርር ብላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መንጋጋዋ ነው፤ ቀጥ ብሏል። የምታመሰኳ ላም ያለችበት ግቢ ድምፅ አለው፤ ሰው ሳያስተውለው ቀኑን ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ ይውላል። አሁን ያ ድምፅ ጠፍቷል።

ጥፋቱ የበዓሉ ነው፤ ወይም የናቻማል፤ እንደ ነጋሪው ይለያያል። ፖንጋል በሚባለው የመኸር በዓል፣ በከብቶቹ ዕለት፣ ላሞች ይታጠባሉ፣ ቀንዳቸው ቀለም ይቀባል፣ አንገታቸው ላይ አበባ ይንጠለጠላል፣ በሸንኮራ ስኳር የበሰለ ሩዝም በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርብላቸዋል። ማይላይ ግንባሯ ላይ ነጭ ጨረቃ ስላላት ገደኛ ናት ይባላል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የየራሱን ቅጠል ይዞ ወደ እሷ ጎረፈ። ናቻማልም ሙሽራ እንደዳረች እናት በር ላይ ቆማ ተቀበለች። ለበዓሉ ከባሕር ማዶ ትምህርቷ የመጣችው ሴት ልጇ ካያል፣ «እማ፣ በቃት፤ ሆዷ ከበሮ ሆነ» ብትላት፣ «ታዲያ ምን ልበላቸው? ላሜ ጠግባለች፣ ገዳችሁን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ ልበል?» አለቻት። የእንግዳ ቅጠል አይመለስም። እንዲያውም ወደ ማታው ማይላይ ፊቷን ብታዞር፣ እንግዳው እንዳይከፋው ብላ በእጇ ያጎረሰቻት ራሷ ናቻማል ናት።

በማግስቱ ላሟ አልተነሣችም። የእንስሳት ሐኪሙ በሞተር ሳይክል መጥቶ የሶዳ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ጋታት፤ ጎኗን መታ መታ አድርጎ አዳመጠና፣ «ሞትን ከበር መልሼዋለሁ» አለ። «ሆዷን ግን ልቀሰቅሰው አልችልም። እሱ ካልተነሣ እሷም አትነሣም።» ይህን ብሎ ሄደ።

ማይላይ ከሞተች ናቻማል ከመንደሩ ላለመውጣት ምክንያት አይኖራትም። ወንዱ ልጇ ኮይምባቶር ከተማ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዝቷል። በየዓመቱ፣ «ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ? ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ» ይላታል፤ በየዓመቱም፣ «ላሜን ለማን ጥዬ?» ትለዋለች። ያቺ አንዲት ጥያቄ እስከ ዛሬ አጥር ሆናት ኖራለች። ፎቁን አንድ ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። በመስኮቱ ቁልቁል ስትመለከት የሚታየው የሰው አናት ብቻ ነው፤ አናት ደግሞ ሰላም አይልም።

«አንቺማ ብትሞት ደስ ይልሻል» አለቻት ካያልን። «ሻንጣዬን ልታሽጊልኝ ቸኩለሻል።»

«እማ፣ እኔ እኮ የተማርኩት የላም ሆድ ነው። ዓይኔ እያየ ብትሞትብኝ ምን ብዬ ነው አስተማሪዎቼን የማያቸው?»

«ታዲያ የተማርሽውን አውጪዋ!»

ካያል ከበረቱ ጥግ አንዲት ደረቅ የሩዝ ገለባ መዘዘችና እናቷ ፊት ቁጢጥ አለች። «ይቺን እያት። ውስጧ እንደ ተቆለፈ ሣጥን ነው። የላም ጥርስ ይሰብራታል እንጂ አይከፍታትም። የሚከፍታት ሆዷ ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ሻጋታ ነው። ገለባው ላይ ያርፍና ሥር ይሰድዳል፤ ዋርካው የቤተ መቅደሱን ግንብ እንደሰነጠቀው ሁሉ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሆዷ ውስጥ ያሉት ሌሎች ደቃቅ ተሕዋስያን በዚያ ስንጥቅ ነው የሚገቡት።»

ናቻማል ብድግ አለች። «ሻጋታ? በኔ ላም ሆድ ውስጥ? እኔ ቤት እኮ ዱቄት እንኳ ሻግቶ አያውቅም!»

«የሁሉም ላም ሆድ ውስጥ አለ፣ እማ። የጎረቤታችን የዴይቫናይም ላም አላት።»

«የእሷስ ይኖራታል።»

«ስኳሩና ሩዙ የማይላይን ሆድ እንደ ሆምጣጤ አደረገውና ሻጋታው አለቀ። ዘሩን ከሌላ ላም ማምጣት አለብን። የእርጎ እርሾ እንደ መዋስ ቁጠሪው።»

«ይሄ ያድናታል?»

«ምናልባት።»

«ምናልባት! ባሕር ተሻግረሽ፣ ያን ሁሉ ብርድ ችለሽ፣ ‹ምናልባት›ን ነው ሸክፈሽ የመጣሽው? እሱማ እዚህም ሞልቶ ነበር።»

ካያል አልተቆጣችም። እሷም ከተመለሰች ጀምሮ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። «ሻጋታው ጣፋጭ አይወድም» አለች ቀስ ብላ። «ደረቅ ገለባ ነው የሚወደው፤ ያውም አሮጌውን። በዚህ ሰፈር በበዓሉ ጣፋጭ ያልቀመሰች ላም የትኛዋ ናት?»

ናቻማል ከአጥሩ ማዶ አየች። አንዲት ብቻ ነበረች፤ የጎረቤቷ የዴይቫናይ ጥቁር ላም፣ ካሪ።

ካሪ አጥንቷ የሚቆጠር፣ አንድ ቀንዷ ወደ ታች የታጠፈ፣ የገለባ ክዳን ካየች የማታልፍ ላም ናት። ባለፈው ክረምት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ የናቻማልን ማድቤት ጣሪያ ከጥጉ ጀምራ በላችው፤ ዝናቡም የክክ ወጡ ውስጥ ገባ። ናቻማል በመጥረጊያ ደበደበቻት። ዴይቫናይም ወጥታ፣ «ለአንድ እፍኝ ገለባ እናት ላም ትመቻለሽ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አይነጋገሩም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ናቻማል ዴይቫናይን «አካ» ነበር የምትላት፣ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው፤ ያም ቀረ።

አይነጋገሩም ማለት ግን ዝም ይላሉ ማለት አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ በየማለዳው እያንዳንዷ አጥሩ ጋ ቆማ ላሟን ታናግራለች። ናቻማል፣ «ማይላይ፣ አንዳንድ ሰው ላሙን የሚያበላው ቢያጣ የሰው ቤት ያሰማራታል አሉ» ትላለች። ከወዲያ ማዶ ደግሞ፣ «ካሪ፣ አትስሚ። አንዳንድ ሰው ጣሪያው ከወጡ ይሻላል» ይመጣል። ሁለቱም ይህን ሳይባባሉ ሻይ አይጠጡም።

አሁን የካሪን ጉርሻ ለመጠየቅ ከዴይቫናይ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ሊያስፈልግ ነው። በላም በኩል እንዳትልክ ደግሞ የምትልክባት ላም ተኝታለች።

«አልጠይቃትም» አለች ናቻማል። «ጣሪያው የኔ ነው። ከኔ ጣሪያ የበቀለ ሻጋታም የኔ ነው። የራሴን ነው የማወጣው።»

«እማ፣ እሱ እንኳ…»

«አንቺ ‹ምናልባት›ሽን ይዘሽ ተከተይኝ።»

ቀትር ላይ ሄዱ፤ ላሞች ጥላ ሥር ተኝተው የሚያመሰኩት፣ ዴይቫናይም ቤት ገብታ ተከታታይ ድራማዋን የምታየው ያን ጊዜ ነው። ካያል ለብ ያለ ውኃ የሞላችበት የሻይ ፔርሙዝ ይዛለች፤ ሻጋታው አየር ካገኘው ይሞታልና ክዳኑ ቶሎ መዘጋት አለበት ብላለች። ካሪ በዴይቫናይ ጓሮ ባለው ኒም ሥር ተኝታ በደንብ እያመሰኳች ነበር። ካያል ጓንት አጠለቀችና እጇን ሰነዘረች። ካሪ የላስቲኩን ሽታ አሸተተች፣ አፏ ውስጥ የነበረውን ዋጥ አደረገች፣ ጓንቱን ከሁለት ጣቶች ላይ ገፍፋ ማኘክ ጀመረች።

«ላም አፍ ውስጥ እጅሽን ከተሽ አታውቂም እንዴ?» አለች ናቻማል ከአጥሩ ቀዳዳ።

«እዚያ በተማርኩበት በአፍ አይደለም። ላሞቹ ጎናቸው ላይ በክዳን የሚዘጋ ቀዳዳ አላቸው። ክዳኑን ከፍተን እንቀዳለን።»

«እንደ ጋን?»

«እንደ ጋን።»

«ወይ ጉድ! እና ኋላ ቀር የሚባለው እኛን ነው!»

ችግሩ ካሪ ናቻማልን የምታውቃት መሆኑ ነው። የመጥረጊያው ነገር ከልቧ አልወጣም፤ ናቻማል ብቅ ስትል ሁልጊዜ ተነሥታ ፊቷን ታዞራለች። ናቻማል ግቢውን ቃኘች። አጥሩ ላይ የዴይቫናይ ቢጫ ሳሪ ተሰጥቷል፤ ጠርዙ የበቀቀን አረንጓዴ፣ ለገበያ ቀን የሚለበስ። ሳታመነታ አወረደችውና በራሷ ሳሪ ላይ ደርባ ተጠመጠመችው፤ ጫፉንም እንደ ዴይቫናይ በግራ ትከሻዋ አሳልፋ ወገቧ ላይ ሸጎጠችው። ካያል አፏን ይዛ ቀረች።

ካሪ አንድ ጊዜ አሸተተች፤ ሳሪው የቤቷ ሽታ ነው። አልተነሣችም። ናቻማል አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጉንጯን እያሻሸች በጥርሶቿ መካከል ባለው ባዶ ቦታ እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ አስገባች። ምላሱ ግን እንደ ዓሣ እየተንሸራተተ እምቢ አላት።

በዚህ መካከል ከቤት ውስጥ የድራማው ሙዚቃ ቆመና የሳሙና ማስታወቂያ ጀመረ። ዴይቫናይ እግሯን ልታፍታታ ወደ ጓሮ ወጣች። ወጥታም ራሷን አየች፤ በገዛ ሳሪዋ፣ በገዛ ላሟ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ እጇን አፏ ውስጥ ከትታ።

ሳሪውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ላሟ ዞረች።

«ካሪ» አለች፣ «እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ እዚህ አፍሽን የምትበረብረው ይቺ ሁለተኛዋ እኔ ማን ናት?»

ናቻማል እጇን ብታወጣ ሌባ መሆኗ ነው፤ ባታወጣም ሌባ ናት። የምታናግራት ማይላይ ከአጥሩ ወዲያ ናት። ያለችው አንድ ላም ብቻ ስለሆነች እሷኑ ተበደረች።

«ካሪ» አለች፣ «ለባለቤትሽ ንገሪልኝ። ሌባ አይደለሁም። የራሴን ጣሪያ ነው የምፈልገው።»

«ካሪ፣ ንገሪያት። ጣሪያዋ ከተበላ ቆይቷል። ከፈለገችው በዚያኛው ጫፍሽ በኩል ትጠብቀው።»

ካያል ሳቋ አመለጣት። ሁለቱም ሴቶች እኩል ዞረው ሲያዩዋት ፔርሙዙን አቅፋ ወደ መሬት ተመለከተች።

«የወዳጅ ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ» አለች ዴይቫናይ፣ ለማንም ሳይሆን ለኒሙ።

«ካሪ» አለች ናቻማል፣ «ንገሪያት። ማይላይ እየሞተችብኝ ነው።»

ዴይቫናይ በአጥሩ በላይ ወደ በረቱ አየች። «እሱንስ ሰምተናል» አለች። «ማለቴ፣ አልሰማንም። የመንጋጋዋን ድምፅ ከሰማን ሰነበትን።» ከዚያ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ካሪ፣ አስታውሺያት እስቲ። በበዓሉ ቀን የሰፈሩ ሰው ቅጠል ተሸክሞ በደጃችን ሲያልፍ፣ አንቺ አንገትሽን አስግገሽ አንድ በአንድ ስታይ ነበር። አንድም አልደረሰሽም። የእሷ ቢቀር ግድ የለንም፤ የሌላው የቀረው ግን እሷን አይቶ ነው።»

የመለሰችው ካያል ናት። «እትዬ ዴይቫናይ፣ እሱ እኮ ነው ያዳናት! ጣፋጩ ስላልደረሳት ነው የካሪ ሆድ ጤነኛ የሆነው።»

ካያልን ዴይቫናይ አልተጣላቻትምና በቀጥታ አናገረቻት። «አንቺ ልጅ፣ ባሕር የተሻገርሽው ይህን ልትማሪ ነው? ያልተጋበዘ ሰው ድግስ አያመውም የሚለውን?»

ከቤት ውስጥ የድራማው ሙዚቃ እንደገና ተሰማ። ዴይቫናይ ወደ በሩ አየች፤ ወደ ላሟ አየች፤ የላም ልጋግ ወደሚንጠባጠብበት የገበያ ሳሪዋ አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከካሪ ማዶ ቁጢጥ አለች።

«ካሪ» አለች፣ «ይቺ ሴትዮ አያያዙን አታውቅበትም። ምላስሽን ወደ ጎን ካልሳቡት ትነክሻታለሽ፤ ጣቷ ቢቆረጥ ደግሞ የምንወቀሰው እኛ ነን።» የካሪን ምላስ በጨርቅ ጨብጣ ወደ ጎን ሳበችው።

ጠበቁ። ሁለቱም አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ግንባራቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው፣ የካሪን ጉሮሮ ያያሉ። ከታች አንድ እብጠት ተነሣና በአንገቷ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

«መጣ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ወዲያውም አፈሩና ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ። የናቻማል ጣቶች ግን አላፈሩም፤ ትኩሱን አረንጓዴ ጉርሻ ሞጭልፈው አወጡት። ካያል ፔርሙዙ ውስጥ ከታ ክዳኑን ጠረቀመችው።

«ሩጪ!» አለች ዴይቫናይ፤ ለላሟ ነው ለልጅቷ አልተለየም።

ካያል በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሮጠች። ጉርሻውን በለብታው ውኃ ውስጥ በጥብጣ በጠርሙስ ለማይላይ ጋተቻት። አንድ ጉርሻ አይበቃም፤ ደግሞ ደጋግሞ መስጠት ያስፈልጋል አለች። ናቻማል እንዴት ተብሎ እንደሚደገም ጨንቋት አደረች። በማግስቱ ቀትር ግን ካሪ ከኒሙ ሥር ተነሥታ አጥሩ ቀዳዳ አጠገብ ታስራ ተገኘች። ምላስ መያዣው ጨርቅ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። የዴይቫናይም ቴሌቪዥን መንደሩ እስኪሰማው ድረስ ይጮኻል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም ሌባ ሊሰማ እንደማይችል ግልጽ ነበር። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ።

ማይላይ በመጀመሪያ ምንም አላሳየችም። «እስቲ ያንን ‹ምናልባት› ትንሽ ጨምሪበት» ትላለች ናቻማል እየጋተቻት። ካያል ጎኗ ላይ ጆሮዋን ትለጥፍና ሳትናገር ትነሣለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ናቻማል በረቱ ደጃፍ ሩዝ ስታበጥር፣ በማይላይ አንገት ላይ አንድ ነገር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ አየች። መንጋጋዋ ወደ ግራ ሄደ፤ ቆመ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿ እንዳያስደነግጣት ፈርታ፣ ዝም ብላ አየች። ያ ወፍጮ ተመልሷል።

ካያል ሮጣ መጥታ ጎኗን አዳመጠች። ሆዷ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያጉረመርማል።

«ሻጋታው ነው አይደል?» አለች ናቻማል፤ ቃሉን አሁን ያለ ምንም ኀፍረት ነበር የጠራችው።

«ሊሆን ይችላል። ሶዳውም ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ ብቻም ሊሆን ይችላል። እርግጡን ለማወቅ ዘር ያልተሰጣት ሌላ የታመመች ላም ታስፈልገኝ ነበር።»

«ሌላ ላም እንድናሳምምልሽ ነው? አደራሽን፣ ይህን ለሰው እንዳትናገሪው!»

ወንዱ ልጇ በዚያው ሰሞን ደውሎ፣ «ታዲያ አሁንስ?» ሲላት፣ «ላሜን ለማን ጥዬ?» አለችው፤ እንዲህ ደስ ብሏት መልሳለት አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ተበላሸ። ካሪ ከአጥሩ ተፈትታ ከቤቱ ማዶ ታሰረች። ቴሌቪዥኑ ወደ ድሮ ድምፁ ወረደ። ናቻማል በማለዳ አጥሩ ጋ ቆማ፣ «ማይላይ፣ የአንዳንድ ላም አፍ የተባረከ ነው» አለች። ከወዲያ ምንም አልተሰማም። በማግስቱ፣ «ማይላይ፣ የአንዳንድ ሰው ጆሮ ግን ተደፍኗል» አለች። እሱም መልስ አጣ። በሁለቱ መካከል ስድብ ሳይመለስ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ናቻማል ያኔ ፈራች።

«የበዓሉ ቅጠል ነገር ነው፣ እማ» አለች ካያል። «ላሚቱ ስትታመም ረዳችሽ፤ ቅሬታዋ ግን አለ። ሂጂና አናግሪያት።»

«በየትኛው አፌ?»

«በስልክሽስ?»

ዴይቫናይ ልጇ ቲሩፑር ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቀጠር የገዛላት ስልክ አላት። ናቻማልም ካያል ያመጣችላት አለ። ካያል የድምፅ መልእክት መቅጃውን ተጭና ወደ አፏ አስጠጋችላት። ናቻማል ከግቢው መካከል ቆማ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ካሪ…» ብላ ጀመረች። ቆመች። «አጥፊው። እንደገና።»

ካያል አጥፍታ እንደገና ጀመረችላት።

«አካ። እኔ ነኝ፤ ናቻማል። ማይላይ አመሰኳች፤ እሱን ልነግርሽ ነው። ሳሪሽ ታጥቧል፤ ጠርዙ ላይ ግን ትንሽ ነገር አለቀቀም፤ አረንጓዴ ስለሆነ አይታወቅም። ቅጠሉን ረስቼው አይደለም ያልላክሁት። ቤቴ ያፈስስ ነበር፣ ተናድጄ ነበር። ወደ ፎቁ አልሄድም፣ አካ፤ እዚሁ ነኝ። አጥሩ ጋ ስቆም ዝም ስትይኝ ግን ፎቅ ላይ ያለሁ ይመስለኛል። ስደቢኝ እንጂ።»

ካያል ላከችው። ትንሽ ቆይቶ መልእክቱ እንደተሰማ የሚያሳየው ምልክት ሰማያዊ ሆነ። ወዲያውም ከአጥሩ ማዶ፣ ከዴይቫናይ ጓሮ፣ የናቻማል የገዛ ድምፅ ተሰማ፦ «አካ። እኔ ነኝ፤ ናቻማል…» እስከ መጨረሻው ሄደ። ዝም አለ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ ስልኩን ሰው ወደ ጆሮው እንዳስጠጋው። ናቻማል እጇን አጥሩ ላይ ጭና እስኪያበቃ ድረስ የራሷን ቃል ሰማች።

ስልኩን በመዳፏ ይዛ እስኪመሽ ጠበቀች። ካያል ሻንጣዋን ይዛ ወደ ትምህርቷ እስክትሄድ ድረስም፣ ከዚያም በኋላ፣ በስልኩም ሆነ በአጥሩ በኩል መልስ አልመጣም።